የሃጊሱ ቢላዋ

አባቷ ቢላዋውን ለወንድሟ ሳይሆን ለእሷ የሰጣት ለምንድን ነው?

ኤልስፔት ይህን ጥያቄ ይዛው ስትተኛ፣ ይዛው ስትነሣ፣ ከአዲስ ዓመት ቀን ወዲህ ሃያ አራት ቀኗ ነው። ሳህን ስታጥብ ይመጣባታል። በመኪናዋ መስታወት ላይ የጋገረውን በረዶ ስትፍቅ ይመጣባታል። መልሱን የሚያውቀው ሰው ባለፈው መጸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ነፋስ ከማይጠፋበት ጥግ ተቀብሯል።

በባልካሪ መንደር የአገሩ ታላቅ ገጣሚ ልደት በሚከበርበት ማታ፣ ሃጊሱን፣ በበግ ጨጓራ ተሞልቶ የተቀቀለውን የጉበትና የአጃ ምግብ፣ ቆሞ በገጣሚው ግጥም የሚቀበለውና ሆዱን በቢላዋ የሚቀደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቢላዋውን አንዴ ከተረከበ እስኪሞት ወይም «በቃኝ» እስኪል ድረስ ከእጁ አይወጣም። የሚተካውን ሰው ስም በወረቀት ጽፎ ለበዓሉ ማኅበር ጸሐፊ ይሰጣል፤ ጸሐፊዋም በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፈው ያኖሩታል። ወረቀቱ መቼ እንደሚጻፍ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። የመንደሩ ሰው ግን ልክ እንደ ኑዛዜ በመጨረሻው ሰዓት፣ በአልጋ ላይ የሚጻፍ ይመስለዋል። ኤልስፔትም እንደዚያ ነበር የሚመስላት። ላክላንም እንደዚያው።

ላክላን ታናሽ ወንድሟ ነው። አባታቸው ኒኒያን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲውል ያጠበው፣ ያገላበጠው፣ በማንኪያ ያጎረሰው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ሠላሳ ስምንት ላሞችን በቀን ሁለት ጊዜ እያለበ ነው። ኤልስፔት በዚያን ጊዜ ሞንትሪያል ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ታስተምር ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቷ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ እንግሊዝ አገር ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ከሄደች ወዲህ፣ ቤቷ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ለቀብሩ «ሁለት ሳምንት» ብላ መጣች፤ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቀው ቀረች። አባቷ ቤት ውስጥ ተቀመጠች። ላክላን ከግቢው ማዶ ባለችው ትንሽ ቤት ነው የሚኖረው። በየማለዳው አንድ ጠርሙስ ወተትና ጥቂት እንቁላል በሯ ላይ አስቀምጦ፣ ሳያንኳኳ ይሄድ ነበር።

የአዲስ ዓመት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የዋዜማው ውስኪ ገና ከሰዉ ዐይን ሳይወጣ፣ ሣጥኑ በመንደሩ አዳራሽ ተከፈተ። ወይዘሮ ኤፊ ታሎክ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጸሐፊነቱን ከአርባ ዓመት በላይ ይዘውታል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አደረጉና ወረቀቱን ለራሳቸው አዩት።

«ኤልስፔት» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። እንደ ወጉም ወረቀቱን መልሰው አጥፈው ከቢላዋው ጋር ሰገባው ውስጥ ሰነቀሩት፤ እስከ በዓሉ ማታ ድረስ ማንም አያየውም። ሰዎች ወደ ኤልስፔት ዞሩ። ኤልስፔት ወደ ላክላን ዞረች። ላክላን ቆቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ አለሰለሰው፤ ከዚያ ራሱ ላይ አደረገና ወጣ። በሩን ቢወረውረው ይሻላት ነበር። ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

በማግስቱ በሯ ላይ ወተትም እንቁላልም አልነበረም።

*

የበዓሉ ዕለት ማለዳ ወደ በረቱ ሄደች። ምን ልትለው እንደምትሄድ አላወቀችም፤ ብቻ እግሯ ወሰዳት። በሩ ጋ ስትደርስ ድምፁን ሰማችው።

ግጥሙን እያለው ነው። የማለቢያው ሞተር ይንጣጣል፣ ላሞቹ ያመሰኳሉ፣ እሱ ከሁሉም በላይ ድምፁን አንሥቶ ስንኙን ይደረድረዋል። የት እንደሚያንሾካሹክ፣ የት ትንፋሹን እንደሚውጥ፣ የት እንደሚያገሳ አንድም ነገር አልጠፋውም። ቢላዋው በሚሰካበት ስንኝ ላይ ሲደርስ አፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ባዶውን ባልዲ በእግሩ ጓ አደረገው። አንዲትም ላም ጆሮዋን አላነቃነቀችም። ለምደውታል ማለት ነው፤ ስንት ዓመት ሰምተውታል ማለት ነው።

ኤልስፔት ቃላቱን ታውቃቸዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም አልጠፋባትም። የጠፋባት አፉ፣ አነጋገሩ ነው። ግጥሙ የተገጠመው በዚህ አገር አፍ ነው፤ ከጉሮሮ ተቧጥጦ የሚወጣ፣ ጭቃና ወተት ያለበት አፍ። የእሷን አፍ ትምህርት ቤቶቹ ሞርደው ሞርደው አለስልሰውታል። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ስትለው ፖስተኛው ኢኒስ፣ በበዓሉ የአቁማዳ ዋሽንት የሚነፋው ሰውዬ፣ «ደህና ነው ደህና ነው፤ ብቻ የሃጊሱን ማረፍ በዜና የምታነቢ ነው የሚመስለው» ብሏት አዳራሹ ሁሉ ሥቆ ነበር። እሷም አብራ ሥቃለች። ማታ ግን ሣቁን ሳይሆን ነገሩን ይዛው አደረች።

ላክላን ባልዲውን ይዞ ሲወጣ ፊት ለፊት ተገናኙ።

«ላሞቹ ትኬት አይሸጡም» አለ። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«አሳምረህ ትለዋለህ።»

«ለእነሱ ይበቃል።»

«ማታ ትመጣለህ አይደል? ከጎኔ ቦታ ይዤልሃለሁ።»

«ላም ልትወልድብኝ ነው።»

«የትኛዋ?»

«አንደኛዋ።»

«ላክላን፣ እባክህ።»

«ምን ላድርግልሽ ዶክተር? ቁጭ ብዬ ላጨብጭብልሽ?» ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «አባዬ መርጧል፣ ተነቧል፣ አለቀ። ታሞ ነው እንዳልል አእምሮው እስከ መጨረሻው ቀን ንጹሕ ነበር። የሠላሳ ስምንቱንም ላሞች ስም አንድ በአንድ ይጠራቸው ነበር። የእኔንም ስም ያውቀዋል። አልጻፈውም እንጂ።»

«ቢላዋውን ልስጥህ። ዛሬ፣ አሁን። እኔ አልፈልገውም።»

ላክላን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗን አየት።

«አየሽ፣ ለእኔ የሚሰጠኝ ሁልጊዜ አንቺ ያልፈለግሽው ነው» አለ። «እርሻውም እንዲሁ ነው የደረሰኝ።»

ባልዲውን አንሥቶ ገባ። የበረቱንም በር ቀስ አድርጎ ዘጋው።

*

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲል አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ኪልታቸውን፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን የአገሩን የወንድ ሽርጥ፣ ታጥቀዋል፤ ሴቶቹ በትከሻቸው ላይ የየቤተሰባቸውን ጥለት ጣል አድርገዋል። የተጨሰው ዓሣ ሾርባ ቀርቦ ተበልቷል። ውስኪው ግን ገና ነው፤ ከሃጊሱ በፊት መቅመስ ነውር ስለሆነ ጠርሙሶቹ በየጠረጴዛው መሐል ቆመው ሰዉን ያዩታል፣ ሰዉም ያያቸዋል።

ከኤልስፔት በስተግራ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። «ላክላን» ብላ በራሷ እጅ የጻፈችውን ካርድ ሳህኑ ላይ አቁማለች።

ሊቀ መንበሩ ጊልክሪስት የእንስሳት ሐኪም ነው። ዐይኑ ካርዱ ላይ አረፈ።

«ይመጣል?»

«ላም ልትወልድብኝ ነው ብሏል።»

«ላም?» ጊልክሪስት ቅንድቡን አነሣ። «ላሞቹን እኮ ባለፈው ሳምንት መርምሬለታለሁ። እስከ መጋቢት የምትወልድ የለችም።» ወዲያው ግን ምን እንደተናገረ ገብቶት ክራቫቱን ማስተካከል ጀመረ። «ምናልባት... ላም አይታወቅም።»

ኤልስፔት ውሃ ጠጣች።

ወይዘሮ ኤፊ ከበስተቀኟ ተቀምጠዋል። የእጅ ቦርሳቸውን ከፍተው ቢላዋውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። እጀታው የአጋዘን ቀንድ ነው፤ የአባቷ መዳፍ ሃያ አምስት ዓመት የያዘው ቦታ ላይ ጠቁሮ ያብለጨልጫል።

«መዝዢው፣ ልጄ። ወረቀቱንም አንብቢው፤ አሁን ያንቺ ነው።»

መዘዘችው። ወረቀቱ አብሮ ወጣ። ዘረጋችው።

«ኤልስፔት» ይላል። የአባቷ እጅ ነው። ፊደሉ ግን ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳው የደረሰ ነው። ትክ ብላ አየችው። አባቷ እኮ ከመሞቱ በፊት አሥር ዓመት ሙሉ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በገና የሚልክላት ካርድ ላይ ስሙ እንኳ አይነበብም ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚጽፍለት ላክላን ነበር።

ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ገጽ ነው፤ መኖ የሚሸጠው ድርጅት ለደንበኞቹ የሚያድለው ዓይነት። ግማሽ በሬ ይታያል። ከበሬው ሥር «ጃንዋሪ» ይላል፣ ከጎኑም ዓመቱ አለ። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ሃያ አምስት ዓመት። እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ላክላን ስድስት።

«ወይዘሮ ኤፊ» አለች። «አባዬ ይህን የሰጠዎት መቼ ነው?»

«ቢላዋውን ከአጎቱ በተረከበበት ማታ ነዋ።»

«ያን ማታ?»

«ሁሉም በተረከበበት ማታ ነው የሚጽፈው። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ከእኔ በፊትም እንደዚያ ነበር።»

«ለምን አልነገሩንም? ሰው ሁሉ ሊሞት ሲል የጻፈው ነው የሚመስለው። ላክላን እኮ...»

«የጠየቀኝ ማን አለ?» አሉ ወይዘሮ ኤፊ፤ ቅር እያላቸው። «ምስጢር ነው የተባለው ምስጢር ስለሆነ ነው።»

ኤልስፔት ያን ክረምት አስታወሰችው። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቆም ግጥሙን የሚያጠናው ድርቆሽ ጎተራው ውስጥ ነበር። መጽሐፉን የምትይዝለት እሷ ነበረች። እሱ አንድ ስንኝ ሲያልፈው እሷ ትጨምርለታለች፤ በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ዘግታ ሙሉውን አለችለት። ድርቆሹ ላይ በጀርባው ወድቆ ሣቀ። እንግዲህ ያን ማታ ስም ጻፍ ሲሉት የማንን ይጻፍ? ላክላን ገና ጥርሱን አልነቀለም፤ የጫማውን ክር እንኳ የሚያስርለት ሰው ነበር። አባቷ ላክላንን አልዘለለውም። ያኔ ላክላን ገና አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይህን ያወቀችው እሷ ብቻ ናት። ማወቅ ያለበት ደግሞ በረት ውስጥ ነው።

ተነሥታ ወደ ጊልክሪስት ሄደች።

«አሥር ደቂቃ ስጠኝ።»

«ምን?»

«ሃጊሱ አይግባ። አሥር ደቂቃ ብቻ።»

«ኤልስፔት፣ ሃጊስ አውቶቡስ አይደለም፤ ቁም ቢሉት አይቆምም።»

ከኩሽናው በር የሉካንዳው ባለቤት ሚስት ዊልማ አንገቷን አወጣች። ፊቷ በእንፋሎት ቀልቷል። «ማነው ይቆይ ያለው? ተነፍቶ ተነፍቶ አሁን ይፈነዳል! ያን ጊዜ የፈነዳ ጊዜ ኮርኒሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም!»

«አውጪውና በጨርቅ ሸፍኚው፣ ዊልማ፣ እባክሽ።»

«በጨርቅ! ሃጊስ ነው ወይስ አራስ ልጅ?»

ኤልስፔት በጓሮ በኩል ወጣች። ኢኒስ የአቁማዳ ዋሽንቱን ታቅፎ በብርዱ ውስጥ ቆሟል፤ ጉልበቱ ሰማያዊ ሆኗል።

«ልግባ?»

«ትንሽ።»

«ጣቶቼ እዚሁ እንጨቱ ላይ ደርቀው ሊቀሩ ነው፤ ነገ ደብዳቤ በጥርሴ ነው የማድለው።»

ስልኳን አወጣች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደገመች። ከአዳራሹ ጀርባ ሜዳው ቁልቁል ይወርድና ከወንዙ ማዶ እርሻቸው ይታያል። የበረቱ መብራት በርቷል። አለ። እዚያው ነው። አራት ጊዜ ደወለች፤ አራት ጊዜም መብራቱን እያየች ጥሪው ሞተ።

በአምስተኛው ጊልክሪስት በሩን ከፈተ። «ሰዉ ውስኪውን ሊነካ ነው፤ ዘንድሮ በእኔ ዘመን ይህ እንዲሆን አልፈልግም። ትገቢያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ላቁም?»

ሌላ ሰው። ቢላዋው ከቤታቸው ሊወጣ ነው። ገባች።

*

ሰው ሁሉ ተነሣ። ዋሽንቱ አዳራሹን ሞላው፤ ኢኒስ ፊት፣ የዊልማ ባል ሃጊሱን በሰፊ ሳህን ተሸክሞ ከኋላው። ሰዉ በእኩል ምት ያጨበጭባል። ሃጊሱ ተወጥሮ፣ እያበራ፣ በኤልስፔት ፊት አረፈ። ዋሽንቱ ቆመ። እንደ ወጉ ከኢኒስ ጋር አንድ አንድ መለኪያ አጋጩ፣ ጨለጡት። ውስኪው ደረቷ ውስጥ ወረደ፤ ፍርሃቱ ግን ባለበት ቆየ።

ጀመረች።

የመጀመሪያው ስንኝ የዜና አንባቢዋ ነበር። አንድ ሰው ከኋላ ሲስል ሰማች። ሁለተኛውም እንዲያው። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራትና ቆመች፤ በዚያች ባዶ ቅጽበት ጆሮዋ ውስጥ የማለዳው ድምፅ መጣ፤ የሞተሩ መንጣጣት፣ ከሱ በላይ የላክላን ድምፅ። ተከተለችው። እሱ በተነፈሰበት ተነፈሰች፤ እሱ ባንሾካሾከበት አንሾካሾከች። አነጋገሯ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ። ሳሉም ጠፋ።

ቢላዋው የሚሰካበት ስንኝ ደረሰ። ላክላን እዚህ ጋ ዝም ብሎ ነበር። እሷም ዝም አለች፤ ቢላዋውን አንሥታ፣ ዐይኗን በሩ ላይ ተክላ። ይግባ። አሁን ቢገባ እጀታውን ትሰጠዋለች፤ ከዚህች ስንኝ ይቀጥል።

በሩ ተከፈተ።

ስልሳ ሰው ዘወር አለ። ከመጸዳጃ ቤት የተመለሰ አንድ ሽማግሌ ነው፤ የኪልቱን መታጠቂያ እየታገለ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ሲያየው ደርቆ ቀረ።

«ቀጥሉ እንጂ፣ እኔን ነው እንዴ የምትቆርጡት?» አለ።

ሣቁ ኮርኒሱን ሊያወርደው ደረሰ። ኤልስፔት ቢላዋውን ሰካች። ሃጊሱ ተሰነጠቀ፣ እንፋሎቱ ፊቷን መታት፤ የጉበቱ፣ የአጃው፣ የቁንዶ በርበሬው ሽታ። የቀሩትን ስንኞች እንዴት እንደጨረሰች አታውቅም። ስታበቃ ጠረጴዛው በእጅ ይደበደብ ነበር።

«ኒኒያን ራሱ!» ጊልክሪስት መለኪያውን አንሥቶ ጮኸ። «ዐይኔን ብጨፍን ኒኒያን ራሱ ነው!»

ኒኒያን አልነበረም። ላክላን ነበር። የወንድሟን ድምፅ ከበረት በር ላይ ሰርቃ በላዩ ላይ ጭብጨባ ተቀበለችበት።

ድንቹና ቢጫው የሥር አትክልት ተደቁሶ መጣ፤ ሃጊሱም በየሳህኑ ተካፈለ። የላክላንን ድርሻ በካርዱ ፊት አስቀመጠች። ሲቀዘቅዝ እያየች ምንም አልበላችም። በዚህ መሐል ወይዘሮ ኤፊ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እሷ ገፋ አደረጉ።

«በይ ጻፊ።»

አንድ ጊዜም ሳታስብ «ላክላን» ብላ ጻፈች። ወይዘሮ ኤፊ ሳያዩ አጣጥፈው ለሣጥኑ አስቀመጡት።

«መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች ኤልስፔት።

«ስትሞቺ። ወይም በቃኝ ስትዪ።»

«እስከዚያ ምንም አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«መቀየርስ ይቻላል? የተጻፈውን?»

«ይቻላል እንጂ። ሣጥኑን አምጪ ብሎ መቀየር ነው።» ወይዘሮ ኤፊ ውስኪያቸውን ከንፈራቸው ላይ አስነኩ። «ግን የሚቀይር የለም፤ ሰው ይረሳዋል። በአርባ ዓመት ሣጥኑን የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ማነው?»

«አባትሽ ነዋ።»

ኤልስፔት ሹካዋን አስቀመጠች።

«ዳሌዬን የቀየሩልኝ ጊዜ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት። እኔ ሆስፒታል ነኝ። በትራክተር ቤቴ ድረስ መጥቶ እህቴን ‹የኤፊን ሣጥን አምጪልኝ› ይላታል። ሣጥኑስ አለ፤ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው፣ በዚሁ ቦርሳ ውስጥ። ‹እንግዲያው ስትወጣ እመለሳለሁ› ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ወደቀ። ከዚያማ ከአልጋ አልተነሣ፤ ሣጥኑንም ዳግም አላነሣብኝ።»

«የማንን ስም ሊጽፍ ነበር?»

«አልተናገረም።»

«የላክላንን ነው። መሆን አለበት። ሌላ ማንን ይጽፋል?»

ወይዘሮ ኤፊ እጃቸውን እጇ ላይ አደረጉ። መዳፋቸው ደረቅና ቀላል ነበር። «ሊሆን ይችላል። ወይም ያንቺን ስም በደንብ አድርጎ ሊጽፈው ይሆናል፤ ወይም የኢኒስን። እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ያልተጻፈ አላነብም።»

*

በአዳራሹ ውስጥ ወንዶቹና ሴቶቹ እንደ ወጉ በቀልድ የሚሰዳደቡበት ንግግር ሲጀመር ኤልስፔት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ልትነዳ አልቻለችም፤ ሁለት መለኪያ ጠጥታለች፣ የወረዳው ፖሊስ ደግሞ ከእሷ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ሃጊሱን እየበላ ነው። የላክላን ሳህን በጨርቅ ተሸፍኖ በጎኗ ባለው መቀመጫ ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ የበረቱ መብራት እንደበራ ነው።

ስልኳን ከፈተች። የወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሥታ ላከችለት፤ ስሙን፣ ከዚያ ግማሽ በሬውንና ዓመቱን። ከሥሩ መጻፍ ጀመረች።

«አባዬ ከመታመሙ በፊት ስምህን ሊጽፍ ወደ ኤፊ ቤት ሄዶ ነበር።»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ይህችን ብትልክለት ነገሩ ያልቃል። ነገ ጠዋት በሯ ላይ ወተት ይቀመጣል። ውሸት ናት ደግሞ ማን ይላል? እውነት ልትሆን ትችላለች። አባቷ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ መሪ ይዞ በትራክተር የሄደው ለሌላ ለምን ይሆናል? አውራ ጣቷ መላኪያው ላይ ቆመ።

ቢሆንም ላክላን ይጠይቃታል። «ሊጽፍ ነበር ወይስ ጽፏል? ማን ነገረሽ? ኤፊ ምን አለች?» ይላታል። ያኔ ከዐይኑ ፊት ምን ልትል ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ አባቱን ያገላበጠ ሰው፣ ስለ አባቱ እሷ የፈጠረችለትን ይዞ እንዲኖር ልታደርግ ነው? እሷ ያልፈለገችውን ሳይሆን፣ አሁን ደግሞ እሷ የሠራችውን ልትሰጠው ነው።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ከአዳራሹ ሣቅ ፈነዳ። እንደገና ጻፈች፤ በዚህ ጊዜ ቶሎ ቶሎ፣ እንዳትመለስ።

«ላክላን፣ ወረቀቱ የተጻፈው አንተ ስድስት ዓመትህ ሳለ ነው። አልዘለለህም። ከመታመሙ በፊት ሊቀይረው ሣጥኑን ጠይቆ ነበር፤ ቁልፉ ከኤፊ ጋር ሆስፒታል ስለነበር አልሆነም። የማንን ስም ሊጽፍ እንደነበር አላውቅም፤ የሚያውቅ የለም። ያንተን ነው ልልህ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ የተጨበጨበው ለኔ አይደለም፤ ጠዋት በረት በር ላይ የሰማሁትን ነው ያልኩት። በቃኝ ብያለሁ፤ ለኤፊም እነግራታለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ያንተ ስም ነው፣ የጻፍኩትም ስለማልፈልገው አይደለም። ሃጊስ ይዤልሃለሁ።»

ላከችው። «ደረሰ» የሚል ምልክት ወጣ።

ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የመኪናው መስታወት ከእስትንፋሷ ደበዘዘ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ትንሽ ቆይቶ ከወንዙ ማዶ የበረቱ መብራት ጠፋ። የትንሿ ቤት መብራት ይበራል ብላ ጠበቀች። ሜዳው ጨለማ እንደሆነ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲንጋጋ፣ ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲዘፍን ሰማች፤ ከዚያም እየተደጋገፉ መውጣት ጀመሩ። ኢኒስ መስኮቷን በወፍራም ቀለበቱ መታ መታ አድርጎ «ዜናው እንዴት ነው?» አላት።

ሃጊሱ ሦስት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ ለእርሻው ውሻ ተሰጠ። መልእክቱ ግን ያን ማታም፣ ከዚያም ወዲህ፣ መልስ አላገኘም።